ከአጥሩ ማዶ ያለ ማሳ

ኤፕሪል 3 ቀን 1949 እስራኤልና ዮርዳኖስ ሮድስ በተባለችው የግሪክ ደሴት የጦርነት ማቆም ስምምነት ተፈራረሙ (በዚህ ጽሑፍ ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በካርታው ላይ የተሰመረው መስመር በኋላ «አረንጓዴው መስመር» የተባለው ነው። ያሰመሩት ሰዎች የተከተሉት ሁለቱ ጦሮች የቆሙበትን ቦታ ነበር፤ የትኛው ማሳ ከየትኛው ቤት እንደሚለያይ ያሰበበት አልነበረም። ቀልቂልያ የተባለችው ከተማ ቤቶቿ በዮርዳኖስ በኩል ቀሩ። በባሕሩ ዳርቻ ሜዳ ላይ የነበሩት የብርቱካን እርሻዎቿ አብዛኞቹ ግን ወደ እስራኤል ሄዱ። ቀልቂልያዎች ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ አዞሩ። ድንጋዩን ፈነቀሉ፣ ጉድጓድ ቆፈሩ፣ እንደገና ተከሉ። ይህን አስቀድሜ የማነሣው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ እስራኤል የሠራችው አጥር ሲመጣ የቆረጠው ይኸንኑ ሁለተኛውን ተክል ስለሆነ ነው።

ከኢየሩሳሌም በስተደቡብ ምዕራብ የምትገኘው ባቲር ዕጣዋ ሌላ ሆነ። ከጃፋ ወደ ኢየሩሳሌም የሚወጣው የባቡር ሐዲድ በመንደሯ ሥር ባለው ሸለቆ ያልፋል። በጦርነቱ ጊዜ አብዛኛው ነዋሪ ሸሽቶ ነበር። ሐሰን ሙስጠፋ የተባሉት የመንደሩ ሰው ከጥቂት ወንዶች ጋር ቀርተው፣ ማታ ማታ በየባዶው ቤት መብራት እያበሩ፣ ቀን ቀን ልብስ አጥበው እያሰጡ፣ መንደሩ ሰው ያለበት እንዲመስል አደረጉ ይባላል። ድርድሩ ሲመጣ እስራኤል የፈለገችው ሐዲዱን፣ መንደርተኛው የፈለገው ማሳውን ነበር። ስለዚህ ተስማሙ፦ ሐዲዱ ለእስራኤል ይሁን፤ ባቲሮችም ባቡሩን የሚነካ እስካልመጣ ድረስ ከሐዲዱ ማዶ ያለውን መሬታቸውን ማረስ ይቀጥሉ። ቃሉ በሁለቱም በኩል ለአሥርተ ዓመታት ተከበረ። አጥር አልነበረም፤ ገበሬው አህያውን እየነዳ ሐዲዱን ተሻግሮ ደበርጃኑን ይኮተኩታል፣ ባቡሩም ያልፋል። ሁለት ባላንጣዎች ያለ ሽቦ አብረው ሊኖሩ ይችሉ እንደሆነ ለሚጠይቅ ሰው ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

በጁን 1967 እስራኤል በዮርዳኖስ እጅ የነበረውን ዌስት ባንክ በጦርነት ያዘች። ለገበሬው መጀመሪያ የተሰማው ለውጥ በውኃ በኩል መጣ። በዚያው ዓመት የወጡ ወታደራዊ ትእዛዞች የአካባቢውን ውኃ በሠራዊቱ ሥልጣን ሥር አዋሉት። አዲስ ጉድጓድ ያለ ፈቃድ መቆፈር ተከለከለ፤ ለእርሻ የሚሆን ፈቃድም ብርቅ ሆነ። ከ1967 በፊት የተቆፈረ ጉድጓድ ያለው መንደር እሱኑ እንደ ዓይኑ ብሌን መጠበቅ ያዘ።

ቀጥሎ የመጣው የመሬቱ ጉዳይ ነው። በ1979 የእስራኤል ከፍተኛ ፍርድ ቤት በኤሎን ሞሬህ ክርክር ላይ፣ የግል መሬት በጸጥታ ስም ተወስዶ የእስራኤላውያን የሰፈራ መንደር ሊቆረቆርበት አይገባም ብሎ ፈረደ። ለፍልስጥኤማውያኑ ባለይዞታዎች ድል ነበር። ከዚያ በኋላ ግን መንግሥት ሌላ መንገድ ያዘ፤ የ1858ቱን የኦቶማን የመሬት ሕግ እያገላበጠ ሰፋፊ ቦታዎችን «የመንግሥት መሬት» እያለ ማወጅ ጀመረ። በዚያ ሕግ መሠረት ለ3 ተከታታይ ዓመታት ጦሙን ያደረ መሬት ከባለይዞታው እጅ ሊወጣ ይችላል። ይህችን ሕግ አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ። በኋላ ገበሬው ከማሳው በር ላይ ሲመለስ የሚያስጨንቀው የዚያ ዓመት ምርት ብቻ እንዳልሆነ የምትነግረን እሷ ናት።

በሴፕቴምበር 2000 ሁለተኛው ኢንቲፋዳ (የፍልስጥኤማውያን አመፅ) ፈነዳ። በእስራኤል ከተሞች አውቶቡስና ካፌ በአጥፍቶ ጠፊ ፈንጂ ይነድ ጀመር፤ በፍልስጥኤም ከተሞች ታንክ ገባ፣ ሬሳ በዛ። ማርች 27 ቀን 2002 በነታንያ ከተማ ፓርክ ሆቴል ውስጥ የአይሁድ ፋሲካን ማዕድ በቀረቡ ሰዎች መካከል አንድ ሰው ራሱን አፈነዳ፤ 30 ሰዎች ሞቱ። ይህን ሳይናገር ስለ አጥሩ የሚጽፍ ሰው ግማሹን ታሪክ ሸሽጓል። ጠቅላይ ሚኒስትር አሪኤል ሻሮን መጀመሪያ አጥር አልወደዱም ነበር፤ ድንበር ያስመስልብናል፣ ከማዶ የሚቀሩ የሰፈራ መንደሮች የተጣሉ ይመስላሉ የሚል ሥጋት ነበራቸው። የሕዝቡ ፍርሃት ግን አየለ። በጁን 2002 ካቢኔው የአጥሩን የመጀመሪያ ክፍል አጸደቀ፤ ሥራው በሰሜን ጫፍ፣ ሳሌም ከተባለው ቦታ ተጀመረ። በኋለኞቹ ዓመታት በእስራኤል ከተሞች የሚፈነዳው እየቀነሰ ሄደ፤ የእስራኤል መንግሥት ምስጋናውን ለአጥሩ ይሰጣል።

ነገር ግን አጥሩ የሚያልፈው የት ነው? ጥያቄው ሁሉ እዚህ ላይ ነው። በአረንጓዴው መስመር ላይ ቢሠራ ኖሮ 320 ኪሎ ሜትር ገደማ በበቃው ነበር። የታቀደው መስመር ግን 712 ኪሎ ሜትር ነው። የሰፈራ መንደሮችን ወደ ምዕራቡ በኩል ለማስገባት ሲል እየተጠማዘዘ ስለሚሄድ፣ ከ100 እጅ 85ቱ የሚያርፈው በዌስት ባንክ መሬት ላይ ነው። በቀልቂልያ፣ በኢየሩሳሌምና በቤተልሔም እስከ 8 ሜትር የሚቆም ኮንክሪት ነው፤ በገጠር ደግሞ ስፋቱ ነው ጉድ። ጥቅል እሾሃማ ሽቦ፣ ቦይ፣ የጥበቃ መኪና መንገድ፣ ሲነኩት የሚጮህ የኤሌክትሮኒክ አጥር፣ ዱካ የሚያሳይ የተደላደለ አሸዋ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ ሽቦ። ሁሉም ሲደመር ብዙ ጊዜ 60 ሜትር ያህል፣ አንዳንድ ቦታም 100 ሜትር ይወስዳል። ገበሬው ከማዶ ለሚቀረው ማሳው ከመጨነቁ በፊት ከሥሩ የሚጠረገውን ያጣል ማለት ነው።

ትእዛዙ ለባለመሬቱ የሚደርስበት መንገድ ራሱ ብዙ ይናገራል። መሬቱ ለወታደራዊ አገልግሎት መያዙን የሚገልጽ ወረቀት ከካርታ ጋር በዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ ወይም በድንጋይ ተጭኖ ማሳው ላይ ይቀመጣል። እረኛ አግኝቶ ለባለቤቱ ያደርሳል። የተቃውሞ ማቅረቢያው ጊዜ ጥቂት ቀን ነው። ከዚያ ቡልዶዘሩ ይደርሳል።

ከቀልቂልያ በስተሰሜን ምሥራቅ ኮረብታ ላይ ያለችውን ጀዩስን እንውሰድ። ያኔ 3,000 ያህል ሰው ይኖርባት ነበር፤ ኑሮውም እርሻ ነው። ብርቱካንና ሎሚ፣ አቮካዶ፣ በፕላስቲክ ቤት የሚለማ ቲማቲምና ኪያር፣ ወይራ። አጥሩ በ2003 ሲጠናቀቅ ከቤቶቹ ጥግ ሥር አለፈ፤ ከመንደሩ 12,500 ዱነም ያህል መሬት 8,600 ዱነሙ ከማዶ ቀረ (10 ዱነም አንድ ሄክታር ነው)። የመስኖ ጉድጓዶቹም ከማዶ ቀሩ። ቤት ወዲህ፣ ውኃና ማሳ ወዲያ።

ኦክቶበር 2 ቀን 2003 ሠራዊቱ በሰሜኑ በኩል በአጥሩና በአረንጓዴው መስመር መካከል ያለውን መሬት ዝግ ቀጠና ብሎ አወጀ። እስራኤላዊ ያለ ፈቃድ ይገባል። ፍልስጥኤማዊው ገበሬ፣ የአያቱ ወይራ ያለበት እንኳ ቢሆን፣ በስሙ የተጻፈ ፈቃድ ያስፈልገዋል። በጀዩስ አንዳንዶቹ የራሳችንን መሬት ለመርገጥ ፈቃድ አንጠይቅም ብለው እምቢ አሉ፤ ከማዶ ማሳቸው ውስጥ ያደሩም ነበሩ። የመጀመሪያዎቹ ፈቃዶች ሲመጡ ከስሞቹ መካከል ሕፃናት፣ የሞቱ ሰዎችና ባሕር ማዶ የሚኖሩ ተገኙ፤ በየቀኑ የሚያርሱ ጎልማሶች ግን ቀሩ።

የበሩ ነገር ያኔ እንዲህ ነበር። በቀን ሦስት ጊዜ፣ ጠዋት፣ እኩለ ቀንና ወደ ማታ፣ ለአጭር ጊዜ ይከፈታል። ገበሬው ሳይነጋ ተነሥቶ ከሽቦው ሥር ይሰለፋል፤ አህያ ያለው ከነጋሪው፣ ትራክተር ያለው ከነትራክተሩ። ትራክተሩም ለብቻው ፈቃድ አለው። ወታደሮቹ መጥተው ቁልፉን ይፈታሉ፤ መታወቂያ ከስም ዝርዝር ጋር ይተያያል፤ ዕቃ ይፈተሻል። ጂፑ ከዘገየ ሰልፉ ይዘገያል፤ ፀሐይ ግን አትዘገይም። ልጁ አሞታል የሚል ስልክ እርሻ ላይ የደረሰው አባት እስከሚቀጥለው መክፈቻ ድረስ ይጠብቃል። የማታውን ሰዓት ያሳለፈ ደግሞ ፈቃዱን ጥሷል፤ ማደር አልተፈቀደለትምና። ኪያርና ቲማቲም በየዕለቱ እጅ የሚሹ ናቸው፣ አንድ ቀን የተዘለለ ውኃ በጁላይ ሙቀት ችግኝ ይገድላል። ስለዚህ ገበሬው ቀስ በቀስ አትክልቱን ትቶ ዝናብ ብቻ ወደሚበቃው ወይራ አዘነበለ። ገቢው ቀነሰ፤ ለቀን ሠራተኛ የሚበቃ ሥራም ጠፋ። አጥሩ በመሬቱ ላይ ምን እንደሚበቅል መወሰን የጀመረው በዚህ መንገድ ነው፤ ይህንን ማንም በአዋጅ አላወጣውም።

በ2003 መጨረሻ ቡልዶዘሮቹ ቡድሩስ ደረሱ። 1,500 ያህል ሰው የሚኖርባት ይህች መንደር 3,000 የወይራ ዛፍ ሊወሰድባት ነበር። አዬድ ሞራር የተባለው ሰው ተቀናቃኞቹን የፍልስጥኤም ድርጅቶች፣ ፋታህንና ሐማስን፣ በአንድ ሰልፍ አሰለፈ፤ ያለ ጦር መሣሪያ ወደ ማሳው ወጡ። መጀመሪያ ወንዶቹ ብቻ ነበሩ። ገና ተማሪ የነበረችው ልጁ ሴቶቹስ ምን ሆነን አለች፤ ከዚያ በኋላ ሴቶቹ ከፊት ሆኑ፤ እሷም ቡልዶዘሩ ከሚቆፍረው ጉድጓድ ውስጥ ዘላ ገባች፣ ማሽኑ ወደ ኋላ ተመለሰ። እስራኤላውያን ወጣቶችም መጥተው አብረዋቸው ቆሙ። ከወራት በኋላ መስመሩ ወደ አረንጓዴው መስመር አጠገብ ተገፋ፣ ወይራው ለመንደሩ ቀረ። ጁሊያ ባቻ በ2009 ይህንን ታሪክ «ቡድሩስ» በተባለ ዘጋቢ ፊልም አሳይታለች።

2004 የፍርድ ቤቶች ዓመት ነበር። ጁን 30 ቀን የእስራኤል ከፍተኛ ፍርድ ቤት በቤት ሱሪክ መንደር ክስ ላይ፣ አጥር ለጸጥታ መሥራት ይቻላል፣ ነገር ግን በገበሬው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ከሚያስገኘው ጥቅም ጋር መመጣጠን አለበት ብሎ፣ ከተከራከሩበት 40 ኪሎ ሜትር ውስጥ 30 ያህሉን ሻረ። ጁላይ 9 ቀን በሄግ ያለው ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት በ14 ድምፅ ለ1 ከዚያም አልፎ ሄደ፦ በተያዘው መሬት ላይ የሚሠራው አጥር ሕገ ወጥ ነው፤ ይፍረስ፤ የተጎዱትም ይካሱ። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ150 ድምፅ ደገፈው። ግንባታው ግን ቀጠለ። የሄጉ አስተያየት የሚያስፈጽመው አልነበረውም፤ ለገበሬው የሚቀርበው የእስራኤል ፍርድ ቤት ደግሞ የሚያየው መንደር በመንደር ነበር።

በዚያ የመንደር በመንደር ክርክር ውስጥ አንድ እውነት ወጣ። በጁን 2006 ፍርድ ቤቱ ከጀዩስ አጠገብ ባሉት በአዙንና በነቢ ኤልያስ መሬት ላይ ያለው አጥር እንዲነሳ አዘዘ። ምክንያቱም መስመሩ ሲወሰን የጾፊም ሰፈራ መንደርን የማስፋፋት ዕቅድ ግምት ውስጥ ገብቶ ሳለ፣ መንግሥት ይህንን ለዳኞቹ ሳይናገር «ጸጥታ» ብቻ ብሎ ነበር። በቢልዒንም ተመሳሳይ ነገር ታየ። ይህች ከራማላ በስተምዕራብ ያለች መንደር የመሬቷ ግማሽ ያህሉ ከማዶ ቀርቶ ነበር። ከ2005 ጀምሮ ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሰዉ ወደ አጥሩ ይወጣ ነበር። ኢማድ ቡርናት የተባለው ገበሬ አራተኛ ልጁ ሲወለድ የገዛውን ካሜራ ይዞ ሰልፉን ይቀርጽ ጀመር፤ ካሜራው ተሰበረ፣ ሌላ ገዛ፣ ያም ተሰበረ። አምስት ካሜራ ከተሰበረበት በኋላ ከእስራኤላዊው ጋይ ዳቪዲ ጋር የሠሩት ፊልም ለኦስካር ታጨ። በኤፕሪል 2009 የመንደሩ ልጅ ባሴም አቡ ራህማ በአስለቃሽ ጭስ ቅምቡላ ደረቱን ተመትቶ ሞተ።

ፍርድ ቤቱ ሴፕቴምበር 4 ቀን 2007 የቢልዒን መስመር በጸጥታ ብቻ እንዳልተመረጠ፣ ገና ያልተሠራ የሰፈራ ሰፈርን ለማስገባት ሲባል እንደተጠመዘዘ ተናግሮ እንዲቀየር አዘዘ። በማግስቱ ደግሞ እዚያው አጠገብ በሌላ ክስ ላይ አስቀድመው የተሠሩት የሰፈራ ቤቶች እንዲቆዩ ፈቀደ። አጥሩ በተግባር የተነሣው በጁን 2011 ነው፤ ከመሬቱም የተመለሰው ከፊሉ ብቻ ነው። ከውሳኔው እስከ አፈጻጸሙ ወደ 4 ዓመት። ለወይራ አራት ዓመት ሳይታረስና ሳይገረዝ መቅረት ምን ማለት እንደሆነ ገበሬ የሆነ ያውቀዋል።

የአጥሩ ጉዳይ ወደ ባቲር ሸለቆ የመጣው በመጨረሻ ነው። እርከኖቿ ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ ናቸው። ከምንጭ የሚወርደው ውኃ በገንዳ ተጠራቅሞ በድንጋይ ቦይ ወደየመደቡ ይሄዳል። ውኃውን የሚካፈሉት ስምንት ትልልቅ ቤተ ዘመዶች ናቸው፤ እያንዳንዱ አንድ አንድ ቀን አለው። ስለዚህ በባቲር የውኃ ሳምንት ስምንት ቀን ነው። ይህን ሸለቆ በቡልዶዘር መቁረጥ ቦዩንም ተራውንም መበጠስ ነበር። በ2012 መንደሩ ሲከስ ያልተጠበቀ ወገን አብሮት ቆመ፦ የእስራኤል የተፈጥሮና የፓርኮች ባለሥልጣን። የገዛ መንግሥቱን አጥር ተቃውሞ ይህ እርከን መዳን አለበት አለ። በጁን 2014 ዩኔስኮ ባቲርን በዓለም ቅርስነት፣ አደጋ ላይ ካሉት ጋር መዘገበ። በጃንዋሪ 2015 መንግሥት በዚያ በኩል አሁን አጥር አልሠራም በማለቱ ፋይሉ ተዘጋ። የ1949ኙ ቃል በወረቀት ደረጃ ቆየ ማለት ነው። ባቲር የዳነችው ጥንታዊ በመሆኗ ነው፤ በ1970ዎቹ የተተከለ ብርቱካን ያላት መንደር ግን ለዩኔስኮ የምታሳየው የላትም፤ ገበሬዋ ግን እኩል ገበሬ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ዘመን በአብዛኛው የወረቀት ዘመን ነው። ግንባታው ከታቀደው ሁለት ሦስተኛ ገደማ ላይ ቆሟል። ከ70 በላይ የእርሻ በሮች ነበሩ፤ አብዛኞቹ ይከፈቱ የነበሩት በወይራ ለቀማ ወራት ብቻ ነበር። ወይራ ግን ሥራው ለቀማ ብቻ አይደለም። በክረምት ይገረዛል፣ በጸደይ ይታረሳል፣ በበጋ ከሥሩ የደረቀው ሣር ካልተነሣ እሳት ይነሣበታል። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ ጉዳዮች ማስተባበሪያ ቢሮ በሰሜን ዌስት ባንክ ከአጥሩ ማዶ ያለውን ወይራ ወዲህ ካለው ጋር አነጻጽሮ፣ የማዶው ምርት በ60 በመቶ ገደማ እንዳነሰ አሳይቷል። ዛፉ አንድ ነው፣ አፈሩ አንድ ነው፤ የጎደለው የባለቤቱ እጅ ነው።

ፈቃዱም እየጠበበ ሄደ። ሃሞኬድ የተባለው የእስራኤል የሰብዓዊ መብት ድርጅት ከሠራዊቱ ባገኘው መረጃ መሠረት፣ በ2014 ከገበሬዎች የፈቃድ ጥያቄ ውድቅ የሆነው 24 በመቶ ነበር፤ በ2018 72 በመቶ ሆነ። በጸጥታ ምክንያት የተከለከሉት ደግሞ 1 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው። ታዲያ ሌላው ለምን ተከለከለ? አንዱ ምክንያት ይህ ነው፦ የሠራዊቱ ደንብ ድርሻው ከ330 ካሬ ሜትር በታች የሆነ ሰው የእርሻ ፍላጎት የለውም ይል ነበር። አባት ይሞታል፤ መሬቱ ለልጆቹና ለሚስቱ በሸሪዓ ይከፋፈላል፤ በወረቀት ላይ የእያንዳንዱ ድርሻ ያንሳል፤ አንድ ቤተሰብ ባንድነት የሚያርሰው ወይራ በአንድ ቀብር ምክንያት ባለቤት አልባ ይሆናል። ከ2019 ጀምሮ ደግሞ የመግቢያ ቀን በሰብል ዓይነት ተቆጠረ፤ ወይራ ላለው በዓመት 40 ቀን ተሰጠው። ዛፉን ለመጎብኘትም፣ ከሥሩ ቁጭ ብሎ ሻይ ለማፍላትም፣ ልጁን ድንበሩ እስከዚህ ነው ብሎ ለማሳየትም ከዚያው ከ40ው ላይ ይቀነስ ነበር። ድሮ ለቀማው ደቦ ነበር፤ አያት ከዛፉ ሥር ጨርቅ ታነጥፋለች፣ ልጆች ቅርንጫፍ ላይ ይወጣሉ። ፈቃድ ያለው አንዱ ብቻ ሲሆን ያንድ ሰው ሥራ ይሆናል።

ከኦክቶበር 7 ቀን 2023 በኋላ፣ ሐማስ እስራኤል ውስጥ ጥቃት አድርሶ በጋዛ ጦርነት ሲጀመር፣ የእርሻ በሮቹ ተዘጉ። ጊዜው የወይራ ለቀማ መክፈቻ ነበር። በዌስት ባንክ ሁሉ፣ ከአጥሩ ማዶ ያለውንም በሰፈራ መንደሮች አጠገብ ያለውንም ጨምሮ፣ ከ96,000 ዱነም በላይ ወይራ በዚያ ዓመት ሳይለቀም ዛፉ ላይ ቀረ። በኦገስት 2024 የእስራኤል መንግሥት በባቲር የቅርስ ክልል ናሐል ሔሌጽ የተባለ አዲስ የሰፈራ መንደር ለማቋቋም የያዘውን ዕቅድ ወደፊት አራመደ። አጥር ያልቆረጠው ሸለቆ ሌላ ነገር መጣበት።

ከዚያ አንድ ወር ቀደም ብሎ፣ ጁላይ 19 ቀን 2024፣ የሄጉ ፍርድ ቤት እንደገና ተናግሮ ነበር፤ በዚህ ጊዜ ወረራው ራሱ ሕገ ወጥ ነው፣ ባስቸኳይ ያብቃ አለ። የ2004ቱ አስተያየት ካሣ ይከፈል ብሎ እንደነበር አንባቢ ያስታውሳል። ለዚያ ሲባል የተባበሩት መንግሥታት በ2006 መጨረሻ በቪየና የሚቀመጥ የጉዳት መዝገብ አቋቋመ። ሠራተኞቹ በየመንደሩ ዞረው የተነቀለውን ዛፍ፣ የተቆረጠውን ቧንቧ፣ የጠፋውን ምርት እያስቆጠሩ ከ70,000 በላይ ማመልከቻ ሰብስበዋል። መዝገቡ የተሰጠው ሥልጣን መመዝገብ እንጂ መክፈል አይደለም፤ በእሱ አማካይነት እስካሁን ካሣ የተከፈለው ገበሬ የለም።